አጥንት የሌለበት ቦታ

ሰው ሆስፒታል ተኝቶ ሲሞት የሚጠራው ዘመድ እንጂ ፖሊስ አይደለም። ያን ጠዋት ግን የኩላሊት ክፍል ነርሷ የሟቹን አንሶላ ልታነሳ ስትል ከፍራሹ ሥር አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ አገኘች። ውስጡ እስከ ግማሹ ቡናማ ውሃ አለበት፣ ሲከፍቱት የመረረ የቅጠል ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ነርሷ ለሐኪሟ አሳየቻት፣ ሐኪሟ አሽትታ ፊቷ ተለዋወጠ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ፖሊስ ጣቢያ የተደወለው።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሟቹ ገና አልጋው ላይ ነበር። የዱቄት ፋብሪካ ጫኝና አውራጅ ነው፤ ኩንታል እንደ ትራስ አንስቶ ትከሻው ላይ ጣል የሚያደርግ ጎልማሳ። እንዲህ ያለው ሰው ፊቱ ተነፍቶ፣ ዓይኑ እብጠት ውስጥ ተቀብሮ፣ የጣት ቀለበቱ ሥጋው ውስጥ ሰምጦ ስታየው ቀረብ ብላ ደግማ አየችው። ዕድሜዋን ሬሳ ስታይ ነው የኖረችው፤ አልጋ ላይ የሞተ ሰው እንዲህ ሲሆን ግን አላየችም።

ምን እንደገደለው ጠየቀች።

«ልቡ ቆመ» አለች ሐኪሟ። «የታመመው ግን ልቡ አልነበረም። ኩላሊቶቹ በድንገት ሥራ አቆሙ። ኩላሊት ሲያቆም ውሃው መውጫ ያጣል፤ መጀመሪያ እግር ያብጣል፣ ከዚያ ፊት፣ ከዚያ ሳንባ ውስጥ ይገባና ትንፋሽ ያሳጥራል። በሽንት መውጣት የነበረበት ቆሻሻ ደም ውስጥ ይቀራል፤ ሰውየው ያስመልሰዋል፣ ይዘባርቃል። ከሁሉ የሚከፋው ፖታሲየም የሚባለው ነገር ነው። እሱ ደም ውስጥ ሲበዛ ልብ ምቱን ይስታል። ለእጥበት ማሽኑ ተራ ይዘንለት ነበር፣ አልደረሰም።»

ጤነኛ ሰው እንዲሁ ኩላሊቱ ያቆማል ወይ ብትላት፣ እንዲሁማ አያቆምም፣ የሚያስቆመው ነገር አለ አለቻት። መርዝ ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ደም መፍሰስም ሊሆን ይችላል። ሰውየውን ስንት ጊዜ ጠይቃዋለች፤ ምን ጠጣህ፣ ወደቅህ ወይ፣ ተመታህ ወይ። መልሱ ሁሌ «ምንም» ነው። ጠርሙሱ እስኪገኝ ሐኪሟን ያስጨነቃት የሕመሙ መንስኤ አለመታወቁ ነበር፤ አሁን መንስኤው በጠርሙስ ተሞልቶ እጇ ላይ ቆሟል።

ሚስቲቱ ኮሪደሩ ላይ የወራት ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ የሟቹ ታላቅ ወንድም ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የጫኝና አውራጆቹ አለቃ ነው፤ ወላጆቻቸው ሲሞቱ ታናሹን ያሳደገው እሱ ነው፣ ሚስት አግብቶ ልጅ ወልዶ እንኳ «ማሙሽ» ማለቱን አልተወም። ከእሱ ሰምተው ፋብሪካው በሙሉ ማሙሽ ይለዋል፤ ያንን የሚያህል ሰው በዚህ ስም ሲጠሩት እንግዳ ሁሉ ይስቅ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ጠርሙሱን ስታሳያት ሴትየዋ አላውቀውም አለች። ነርሷ ከጎን ሆና «አንቺ ስታጠጪው አይቼሻለሁ እኮ፣ ሻይ መስሎኝ ነው» ስትላት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ወገቤን፣ እግሬን ሲለኝ ከመድኃኒት ቅጠል ሻጯ ገዝቼ ያመጣሁት ነው፣ ሐኪሞቹ እንዳይቆጡ ደበቅኩት አለች። ከኢንስፔክተሯ ጋር የመጣው ሳጅን እዚያው ማስታወሻውን አጠፈ።

«ይኼማ አለቀ ደቀቀ» አለ። እንግዲህ ሳጅኑ የምሳ ሰዓት ሲቃረብ ሁሉም ነገር አልቆ ደቅቆ የሚታየው ሰው ነው።

ሲያጣሩ ደግሞ ነገሩ በሚስቲቱ ላይ እየከበደ መጣ። የግድግዳ ጎረቤታቸው፣ ማሙሽ ከመታመሙ በፊት ባልና ሚስት ክፉኛ ሲጣሉ ሰምቻለሁ አለች፤ ሚስቲቱ «አሳፈርከኝ! በልጄ ፊት አሳፈርከኝ!» እያለች ስታለቅስ ነበር። ጎረቤቲቱ ነገሩን የውሽማ ጉዳይ አድርጋ ጨርሳዋለች። ኢንስፔክተሯ ሚስቲቱን በምን እንደተጣሉ ስትጠይቃት አንገቷን ደፋች።

«የሞተ ሰው ስም አላጠፋም» አለች። «ከፈለጋችሁ እሰሩኝ።»

አሰሯት። ዐቃቤ ሕጉ ጠርሙሱም አለ፣ ውሸቱም አለ፣ ጠቡም አለ፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል አለ። ሰኞ ፍርድ ቤት ቀርባ ክስ ከተመሠረተባት ወደ ትልቁ እስር ቤት ትዛወራለች። ያኔ ጡት የሚጠባው ልጅ ወይ እስር ቤት ገብቶ ያድጋል፣ ወይ ከእናቱ ይነጠላል። ኢንስፔክተሯ ይህ እንቅልፍ ነሳት። ሴትየዋ ገድላለች ብሎ ሆዷ አልቀበል አላት፤ ሆድ ደግሞ ፍርድ ቤት አይቀርብም።

እስከዚያው ሕፃኑን የሚያመጣው ወንድምየው ነበር። ጠዋትም ማታም ከልጁ ጋር ጣቢያው በር ላይ ይቆማል፣ እናቱ እስክታጠባው ኮሪደሩ ውስጥ ይጠብቃል፣ መልሶ ይወስደዋል። አንዴ ኢንስፔክተሯ ስታልፍ ተነስቶ፣ «እሷ አላደረገችም» አላት። እንዴት እንደሚያውቅ ብትጠይቀው ዓይኑን ወደ ማረፊያ ክፍሉ በር መለሰ። ቤተሰብ ሁሉ የሚለው ነው ብላ አለፈችው።

ቅጠል ሻጯ ከገበያው ዳር፣ ከላስቲክ ጥላ ሥር የምትቀመጥ ቁጡ ሴትዮ ነች። ኢንስፔክተሯ ጠርሙሱን ስታሳያት ቀምታ በክዳኑ ቀዳችና ጭልጥ አድርጋ ጠጣችው። የገዛ ልጄ የሚጠጣው ነው፣ ሰው ስገድል የኖርኩ ብሆን ደንበኞቼ ድሮ በሸሹኝ ነበር አለች። ኢንስፔክተሯን ያስደነቃት ግን ይህ አልነበረም። ሴትዮዋ አፏን በእጇ ጠርጋ ቀጠለች።

«ያቺ ልጅ ስትመጣ እኮ ሽንቱ ጠቁሯል ብላኛለች። እንደ ጥቁር ሻይ ሆኗል አለችኝ። ወገቡን ተይና ሐኪም ቤት ውሰጂው ብያታለሁ። ወደዚያው ስትወስደው በመንገድ ይጠጣ ብላ ነው የገዛችኝ።»

ኢንስፔክተሯ በአጠገቧ ያሉትንም ነጋዴዎች ጠየቀች፤ ምክሩን የሰማ ሌላ ሰውም አለ። ሽንቱ የጠቆረው ከመጠጣቱ በፊት ከሆነ መጠጡ አላጠቆረውም።

ሳጅኑ በበኩሉ ባዶ እጁን አልተመለሰም። ከሟቹ ቤት፣ ከትራሱ ሥር፣ ያለቀ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን መያዣ አግኝቶ በድል መንፈስ የኢንስፔክተሯ ጠረጴዛ ላይ ጣል አደረገው። አሁን ነፍሰ ገዳዩ መድኃኒት ቤቱ ነው አለ። ኢንስፔክተሯ ጠርሙሱንም የኪኒኑን መያዣም ይዛ ሐኪሟ ዘንድ ተመለሰች።

ሐኪሟ መያዣውን አገላብጣ አየችው። የተጎዳ ኩላሊት ላይ ይህን ኪኒን መጨመር እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው፣ ግን እሳቱን የለኮሰው እሱ አይመስለኝም አለች።

«ይህን ያህል የዋጠው ምን እያመመው ነው?» አለች ኢንስፔክተሯ። «ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ ኩንታል ሲሸከም የሚውል ሰው ነው። ወገብ ሕመም አዲሱ አይደለም። ምን ያህል ቢያመው ነው?»

ሐኪሟ መያዣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደች፣ ጀርባዋን ሰጥታ መናገር ጀመረች። የሽንቱ ነገር መጀመሪያም ግራ አጋብቷት ነበር። የሽንት መመርመሪያው ወረቀት ደም አለ ይላል፤ ያንኑ ሽንት በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ግን አንድም የደም ሕዋስ የለበትም። ወረቀቱ ደም ያለው ደም አይደለም ማለት ነው። ወረቀቱን እንዲህ የሚያታልል አንድ የታወቀ ነገር አለ፦ ከተጨፈለቀ ጡንቻ የሚወጣ ቀለም።

«ጡንቻ ሲደቅ ውስጡ ያለው ሁሉ ደም ውስጥ ይፈስሳል» አለች። «ቀለሙ ኩላሊት ደርሶ ማጣሪያውን ይደፍነዋል። ፖታሲየሙም አብሮ ይወጣል። ይህን የሚለየው የደም ምርመራ ኬሚካሉ አልቆብን ነበር። ሕንፃ የተጫነው ሰው፣ መኪና ሥር የቆየ ሰው ሲሆን እናውቀዋለን። ይህ ሰው ግን ጭረት እንኳ የለበትም። እግሩ አብጧል፣ ኩላሊቱ ያቆመ ሰው ሁሉ እግሩ ያብጣል። አልፌው ሄድኩ።»

አስከሬን መርማሪው እስከዚያ ያየው ሆድ ዕቃውን ነበር፤ መርዝ ፈልግ የተባለ ሰው ጭን ምን ይሠራለታል። ኢንስፔክተሯ ለምና እንደገና አስከፈተችው። እሷም ቆማ አየች፣ ባላየች ይሻላት ነበር። ከላይ ቆዳው ደህና ነው፤ ከሥሩ ያለው የጭን ሥጋ፣ ቀይ መሆን የነበረበት፣ እንደ ዓሣ ሥጋ ነጥቷል። የሁለቱም ጭኖች ኋላ እንደዚያው ነው። አጥንቱ አንድም ቦታ አልተነካም። መርማሪው መላልሶ አየና፣ በጠፍጣፋ ነገር፣ ወፍራም ጨርቅ ተደርቦበት፣ ብዙ ጊዜ ተመትቷል አለ።

ማንኛዋም ሚስት፣ ምን ብትቆጣ፣ ያንን ሰውዬ እንዲህ ልትመታው አትችልም። ሳጅኑም ይህን ተቀበለ፤ በዚያ ቀን ምሳውን ረስቶ ነበር።

ዱቄት ፋብሪካው ውስጥ ሁሉም ነገር ነጭ ነው፤ የሰዎቹ ሽፋሽፍት ሳይቀር። ኢንስፔክተሯ ጫኝና አውራጆቹን አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። ማሙሽ ከመታመሙ በፊት የመጨረሻ የሥራ ቀኑ እንዴት ነበር? «ደህና ነበር፣ ከሰዓት መኪና ስንጭን ዋልን፣ ሠርቶ በሰላም ገባ።» ሁለተኛውም እንደዚያው አለ። ሦስተኛውም፣ ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ። ሰው እውነት ሲናገር አንዱ ዝናብ ነበር ይላል፣ አንዱ አልነበረም ይላል፤ እነዚህ ግን በአንድ አፍ ነው የሚያወሩት።

የፋብሪካው ባለቤት ለብቻው ሲጠየቅ ግን ሳቀ። የምን መኪና ነው የምትዪው፣ ያን ቀን ከሰዓት መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ቆሞ ነበር፣ እኔም ቤቴ ሄድኩ፣ የተጫነ ነገር የለም አላት። ሰዎቹስ? መጋዘኑን ዘግተው ውስጥ ቀሩ፣ ያርፋሉ ብዬ ነው አለ።

መጋዘኑን አስከፈተችው። የተደረደረ ኩንታል፣ ሚዛን፣ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ያረጀ የወፍጮ ቺንጋ፤ ሰፊና ወፍራም የጎማ ቀበቶ። ጥግ ላይ ባዶ ጆንያዎች ተከምረዋል። ሳጅኑ አንዱን ሲያነሳው አልታጠፍ አለ፤ እንደ ጣውላ ደርቋል። ከሥሩ ያሉትም እንደዚያው፣ ዱቄታቸው ቦክቶ ደርቆ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ኢንስፔክተሯ በጥፍሯ ፈገፈገችው። ዱቄት ቤት ውስጥ ውሃ የሚያመጣ ሰው የለም፤ አንዲት ባልዲ ብትደፋ ባለቤቱ ያብዳል። እነዚህን ጆንያዎች ውሃ ውስጥ የነከራቸው ሰው ግን አለ። ወደ በሩ ዞር ስትል ሰዎቹ ተሰብስበው ቆመዋል፣ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። ወንድምየው አልነበረም፤ ሕፃኑን ይዞ ጣቢያ ሄዷል አሏት።

አገኘችው። ልጁን ለእናቱ ሰጥቶ እንደ ወትሮው ኮሪደሩ ውስጥ ተቀምጧል። ቢሮዋ አስገባችውና የደረቀውን ጆንያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ምንም አላለችም። እሱም ጆንያውን እንጂ እሷን አላየም።

«መጀመሪያ የመታሁት እኔ ነኝ» አለ።

ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰው። ማሙሽ ከመጋዘን ዱቄት ሰርቆ ነበር። ባለቤቱ ቢሰማ እሱ እስር ቤት ይወርዳል፣ ጫኝና አውራጁም በሙሉ ሌባ ተብሎ ይባረራል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ነገር ለውጭ ሰው አይናገሩም፤ እዚያው መጋዘን ዘግተው ይጨርሱታል። ማራገፍ ይሉታል። ሰውየው ኩንታል ላይ በደረቱ ይተኛል፣ ቆዳው እንዳይቀደድ እርጥብ ጆንያ ይደረብበታል፣ ወገብና ጉልበት አይነካም፣ በወፍጮው ቺንጋ ጭኑን ብቻ ይመቱታል፣ አጥንት የሌለበትን ቦታ። ነገ ቆሞ መሸከም አለበት፣ ልጆች አሉት፣ ብለው ነው። ዘመድ ካለው ዘመዱ ይጀምራል። ከዘመዱ አሳንሶ የሚመታ ዘመዱን ንቋል ይባላል። አንዴ ካለቀ ደግሞ ማንም ጥፋቱን ሁለተኛ አያነሳበትም።

«ላላ ብዬ ብመታ ለወንድሙ አዳላ ይሉኛል» አለ። «አለቃ ነኝ እኔ። አጥብቄ መታሁት። እነሱም እኔን አክብረው አጥብቀው መቱት። ሲያልቅ ራሱ ተነሳ። እየሳቀ ነው የተነሳው፣ በእናቴ። ‹ጋሼ፣ በቃ አይደል?› አለኝ። በቃ አልኩት። አቀፍኩት።»

ስርቆቱን ማን እንደነገረው ስትጠይቀው፣ ሰው ነው፣ አለ። ደግማ ብትጠይቀው እምቢ አለ። ያንን ብቻ እምቢ አለ።

«ሐኪሟ ተመታህ ወይ ስትለው እርስዎ የት ነበሩ?»

«አጠገቡ። እጁን ይዤ።» እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተመለከታቸው። «ቀና ብሎ አየኝ። እኔ እንድናገር እየጠበቀ ይሁን፣ እንዳልናገር እየለመነኝ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ‹ምንም› አለ። እኔም ምንም አልኩ። ኩላሊት ነው አሉን፤ የመታነው ጭኑን ነው። ጭን መመታት ኩላሊት ይገድላል ብሎ ማን ያስባል? ሐኪሟ ሄደች። ያኔ ብናገር ይተርፍ ነበር ወይ?»

ኢንስፔክተሯ ይህንኑ ሐኪሟን ጠይቃት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ቢመጣ፣ ግሉኮስ እንኳ በብዛት ቢሰጠው፣ ቀለሙ ታጥቦ ሳይደፍን ይወርድ ነበር ብላታለች። እንደመጣም ቢናገሩ ለእጥበቱ ከሁሉ ቀድሞ ይገባ ነበር። ለሰውየው ይህን ልትነግረው አልደፈረችም፤ ዝም ማለቷ ራሱ ነገረው። ትከሻው ወረደ፣ አፉን በመዳፉ ይዞ ድምፅ ሳያሰማ አለቀሰ። ኢንስፔክተሯ አዘነችለት፣ ግን ማረፊያ ክፍል ያለችውን ሴት ስታስብ ተቆጣች።

«ሚስቱ ስትታሰርስ? ዝም ብለው ያዩ ነበር?»

«በየቀኑ ልናገር ብዬ ነው የምመጣው። ልጁን ስትቀበለኝ ‹ጋሼ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር› ትለኛለች። አፌ ይያዛል። ተመልሼ እሄዳለሁ።»

ሳጅኑ ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ጋር በካቴና አስሮ አስቀመጠው። ሌሎቹንም ለማምጣት መኪና ተላከ።

ኢንስፔክተሯ የማረፊያ ክፍሉን ራሷ ከፈተች። ሴትየዋ ልጁን አጥብታ ታስገሳዋለች። ነጻ ነሽ፣ ልብስሽን ያዢ ስትላት አላመነችም። ማን እንደገደለው ጠየቀች። ኢንስፔክተሯ አጠገቧ ተቀመጠችና የሥራ ጓደኞቹ እንደመቱት፣ ለምን እንደመቱት ነገረቻት። ዱቄቱን ስትሰማ የሴትየዋ እጅ ልጁ ጀርባ ላይ ቆመ።

«ጋሼም ነበረ?»

«መጀመሪያ የመታው እሱ ነው።»

«ስለ ዱቄቱ ማን እንደነገረው አልነገረሽም?»

«እምቢ አለኝ።»

ሴትየዋ ልጁን ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

«እኔ ነኝ» አለች። «የተጣላነው በዚያ ነው። ቤት ይዞት መጣ፣ አልጋ ሥር ደበቀው። ልጄ የሌባ ልጅ እንዳይባል ብዬ ለጋሼ ነገርኩት። ከእሱ ሌላ የሚሰማው ሰው አልነበረውም። ምከርልኝ ነው ያልኩት፣ ምከርልኝ ብቻ። ‹ለኔ ተዪው› አለኝ። ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት።»

ኢንስፔክተሯ እጇን ትከሻዋ ላይ አሳርፋ አብራት ተነሳች።

ኮሪደሩ ላይ ወንድምየው አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ ነው። ልጁ ሰሞኑን በእሱ እጅ ስለከረመ ገና ሲያየው ተፍነከነከና ሁለት እጁን ዘረጋለት። ሰውየው ሊቀበለው ብድግ ሲል ካቴናው ያዘው፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ሴትየዋ ፊቱ ቆመች። አልጮኸችም፣ አልረገመችውም።

«ይሄ ልጅ አድጎ አባቴን ማን ገደለው ሲለኝ ምን ልበለው?»

«እኔን በይው» አለ ሰውየው ቶሎ ብሎ። «እኔን ብቻ። አንቺ ምንም አላየሽም፣ ምንም አልነገርሽኝም። ምንም በይ።»

«እሱም ምንም ብሎ ነው የሞተው፣ ጋሼ» አለችው።

ልጁን ወደ ደረቷ መልሳ ወደ ኢንስፔክተሯ ቢሮ ገባች፤ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ቃሏን ከመጀመሪያው ጀምሮ መስጠት ጀመረች።